በጠባብ ቦታ የሽቦ መረብ አጥር አወጣጠር፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ አካባቢ አርሶ አደሮች

በደቡብ ጎንደር ዞን በሚገኙት በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አካባቢዎች አብዛኛው የእርሻ መሬት ከጉና ተራራ ትከሻ ጀምሮ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች በሚወርድ ተዳፋት ላይ ይገኛል። ማሳዎቹ አነስተኛ ናቸው፤ በእርከንና በድንጋይ ካብ የተከፋፈሉ ሲሆኑ፣ የአንዱ አርሶ አደር ድንበር ከሌላው ማሳ፣ ከከብት መተላለፊያ ወይም ከውኃ መውረጃ ቦይ ጋር ይጋጠማል። የጓሮ አትክልት፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የፍራፍሬ ተክል ወይም የመኖ ሣር ያለማ አርሶ አደር ልማቱን ከልቅ ግጦሽ ለመጠበቅ አጥር ያስፈልገዋል።

በአካባቢው የተለመዱት አጥሮች የእሾህ አጥር፣ የድንጋይ ካብና እንደ ቃጫና ኮሽም ያሉ ዕፅዋት የሚተከሉበት ሕያው አጥር ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የሽቦ መረብ የሚገዙ አርሶ አደሮችና ማኅበራት አሉ። የሽቦ መረብ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት በመሆኑ፣ በሚገባ ሳይወጠር ከቀረ ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ነው። የረገበ መረብን በግ በሥሩ ሾልኮ ያልፈዋል፤ በሬ ተደግፎ ያጎብጠዋል፤ ፍየል ረግጣው ትሻገራለች። ከመጠን በላይ የተወጠረ መረብ ደግሞ የጫፍ ቋሚውን ይነቅላል፤ ሽቦውንም ይበጥሳል።

ይህ ጽሑፍ ከአጥሩ ጫፍ ባሻገር ለመሥሪያ የሚሆን ቦታ በሌለበት ማሳ የሽቦ መረብ እንዴት እንደሚወጠር ያብራራል። ዋናው ነጥብ መረቡን ለመወጠር የጎረቤትን ማሳ መርገጥ፣ ካቡን ማፍረስ ወይም መንገድ መዝጋት አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። ሥራው በሙሉ በራስ ይዞታ ውስጥ፣ በአጥሩ መስመር ላይ ሊከናወን ይችላል።

የቦታ ጥበት ችግር የሚፈጥረው ለምንድን ነው?

በሜዳማና ሰፊ መሬት መረብ ሲወጠር ባለሙያው ከጫፍ ቋሚው አልፎ ጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ ማሰሪያ ይተክላል፤ ማወጠሪያውንም ከዚያ ጋር አስሮ መረቡን ወደ ራሱ ይስባል። የጫፍ ቋሚው እንዳያዘነብልም ከውጭ በኩል በመሬት ውስጥ በተቀበረ ድንጋይና ሽቦ ወደ ኋላ ይያዛል። ይህ አሠራር ከአጥሩ ውጭ ክፍት ቦታ ይፈልጋል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተዳፋቶች ግን ከጫፍ ቋሚው ቀጥሎ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የእርከን ጠርዝ ወይም የሌላ ሰው ሰብል ነው። ጊዜውም ራሱ ቦታውን ያጠብበዋል። አጥር መጠናቀቅ ያለበት የመኸር ሰብል ተሰብስቦ ከብት በማሳ ላይ ከመለቀቁ በፊት ነው። ጉድጓድ ለመቆፈርም አመቺው ወቅት ክረምቱ አልፎ አፈሩ እርጥበቱን ሳይጨርስ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት የጎረቤት ሰብል ገና በማሳው ላይ ስለሚሆን ከድንበር ማዶ መቆም አይቻልም።

ከሥራው በፊት ድንበርን ማረጋገጥ

አንድ ጊዜ የተወጠረ አጥርን ማንሳት አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩንና፣ ካለም የማሳውን ካርታ ይዞ ድንበሩን ከአዋሳኝ ባለይዞታዎች ጋር በቦታው ተገኝቶ ማየት ነው። ስምምነት ከሌለ ቋሚ ከመተከሉ በፊት ጉዳዩ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ሊቀርብ ይገባል። በአካባቢ ሽማግሌዎች ፊት የተደረገ ስምምነትም በጽሑፍ ቢሰፍር ለወደፊቱ ይጠቅማል።

የአጥሩ መስመር ከድንበሩ ጥቂት ወደ ራስ ይዞታ ገባ ቢል ይመረጣል። ይህም ቋሚው ቢያዘነብል ወይም ጥገና ቢያስፈልግ በጎረቤት መሬት ላይ ጫና እንዳይኖር ያደርጋል። የከብት መተላለፊያ፣ የእግር መንገድና የውኃ መውረጃ ቦይ ካለ አጥሩ ሊዘጋቸው አይገባም። ቦይን የሚያቋርጥ መረብ ቅጠልና ገለባ ሰብስቦ ውኃውን ወደ ጎን ስለሚያዞር፣ በአንድ ክረምት የአጥሩን መስመርም የጎረቤትን እርከንም ሊያፈርስ ይችላል። በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ መረቡ ከቦዩ በሁለቱም ወገን እንዲቆም ማድረግና በመካከሉ ጎርፍ ሲመጣ የሚወዛወዝ የእንጨት መዝጊያ ማንጠልጠል ይመከራል።

የአጥር ጉድጓድ በድንጋይ ካብ ላይ ወይም በካቡ ግርጌ መቆፈር የለበትም። ከካቡ ቢያንስ ግማሽ ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። በየዓመቱ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ በብዙ ሰው ጉልበት የተሠራ እርከን በአንድ ቋሚ ምክንያት ሊናድ ይችላልና።

በኩታ ገጠም የሚገኙ ማሳዎች ባለቤቶች ቢስማሙ በጋራ ማጠር ሽቦም ቦታም ይቆጥባል። ለምሳሌ 20 ሜትር በ50 ሜትር የሆኑ ሁለት ማሳዎች ለየብቻ ቢታጠሩ በድምሩ 280 ሜትር መረብ ይፈልጋሉ። በረጅሙ ጎናቸው የሚዋሰኑ ከሆነና በአንድ አጥር ቢከበቡ ግን 180 ሜትር ይበቃቸዋል። በመካከላቸው አጥር ስለማይኖርም ለመሥሪያ ቦታ አይቸገሩም።

የጫፍ ቋሚውን ወደ ውስጥ ማገዝ

የመረብ ውጥረት በሙሉ የሚያርፈው በጫፍና በማዕዘን ቋሚዎች ላይ ነው። በጠባብ ቦታ እነዚህ ቋሚዎች ከውጭ ሊያዙ ስለማይችሉ ከውስጥ በኩል፣ በአጥሩ መስመር ላይ መታገዝ አለባቸው። ቁመቱ 1.20 ሜትር ለሆነ መረብ አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ውፍረቱ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ2.10 ሜትር የማያንስ የጫፍ ቋሚ ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይተከላል። ከዚህ ቋሚ ከ2.40 እስከ 3 ሜትር ርቀት ላይ፣ በዚያው በአጥሩ መስመር፣ ሁለተኛ አጋዥ ቋሚ በተመሳሳይ ጥልቀት ይተከላል። ሁለቱን ቋሚዎች ከላይኛው ጫፋቸው ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚያገናኝ ጠንካራ አግዳሚ እንጨት ይገባል። በመጨረሻም ከአጋዥ ቋሚው አናት ተነሥቶ በጫፍ ቋሚው ግርጌ የሚዞር ድርብ ሽቦ በሰያፍ ይታሰራል፤ በመካከሉ አጭር ዱላ ገብቶም እየተጠመዘዘ እንዲጠብቅ ይደረጋል።

የሰያፍ ሽቦው አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጸምበት ነጥብ ነው። መረቡ የጫፍ ቋሚውን አናት ወደ ማሳው ውስጥ ሲስበው፣ አግዳሚው ያንን ግፊት ወደ አጋዥ ቋሚው አናት ያደርሳል። ሰያፍ ሽቦው ደግሞ የአጋዥ ቋሚውን አናት ከጫፍ ቋሚው ግርጌ ጋር አስሮ ይይዘዋል። ሽቦው በተቃራኒው፣ ከጫፍ ቋሚው አናት ወደ አጋዥ ቋሚው ግርጌ ቢታሰር ግን መረቡ በሚስብበት አቅጣጫ አብሮ ይጎትታል እንጂ አይከላከልም።

አጥሩ በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ የየራሱ አጋዥ ቋሚ ያስፈልጋል። በዚህ አሠራር ከማዕዘን ቋሚው ውጭ የሚወጣ ምንም ነገር አይኖርም።

አፈሩ ስስ በሆነና ቶሎ ዓለት በሚገኝበት የደጋ መሬት ጉድጓዱን በሚፈለገው ጥልቀት መቆፈር ላይቻል ይችላል። በዚህ ጊዜ በቋሚው ዙሪያ አግድመቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር የሆነ የሽቦ ቅርጫት ተሠርቶ በድንጋይ ይሞላል። ለቅርጫቱ ከአጥሩ የተረፈ ቁራጭ መረብ ይበቃል፤ ድንጋዩም ከማሳው ከሚለቀመው ሊገኝ ይችላል። ዋልካ አፈር በሆነባቸው ቦታዎች ደግሞ አፈሩ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ቋሚው ይላላል። ጉድጓዱን በጥልቀት ቆፍሮ በድንጋይና በጠጠር እየጠቀጠቁ መሙላት ያስፈልጋል። ኮንክሪት የሚጠቀም ሰው መረቡን ከመወጠሩ በፊት ኮንክሪቱን ቢያንስ 7 ቀን ሊያቆየው ይገባል።

በጫፍና በአጋዥ ቋሚዎች መካከል ያሉት መካከለኛ ቋሚዎች ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከ2.50 እስከ 3 ሜትር እየተራራቁ ይተከላሉ። የባሕር ዛፍ ቋሚ ከመተከሉ በፊት ቅርፊቱ ተልጦ ሊደርቅ ይገባል፤ እርጥብ እንጨት ከተተከለ በኋላ ሲሸበሸብ ሚስማሩ ይላቀቃልና። በአትክልት ማሳ ዙሪያ ቋሚን በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት አፈርንና ውኃን ስለሚበክል አይመከርም። እንደ ወይራና ጽድ ያሉ አገር በቀል ዛፎችን ለአጥር ሲባል ከደን መቁረጥም አይገባም።

መረቡን ከመሃል መወጠር

በጠባብ ቦታ ሥራውን የሚያቀልለው ዘዴ መረቡን ከጫፍ ሳይሆን ከመሃል መወጠር ነው። መረቡ በመጀመሪያ በሁለቱም ጫፍ ቋሚዎች ላይ በሚገባ ይታሰራል፤ የቀሩት ሁለት ነጻ ጫፎች በመስመሩ መካከል ይገናኛሉ። ማወጠሪያው በሁለቱ ነጻ ጫፎች መካከል ገብቶ አንዱን ወደ ሌላው ይስባል። የሚሳበው ኃይል በመረቡና በቋሚዎቹ ውስጥ ብቻ ስለሚያልፍ ከአጥሩ ውጭ ማሰሪያ አያስፈልግም። ለባለሙያው የሚበቃው በራሱ ማሳ ውስጥ፣ በአጥሩ ጎን የሚገኝ የአንድ ሜትር ያህል ስፋት ብቻ ነው።

ለሥራው ፒንሳ፣ የሽቦ መቁረጫ፣ መዶሻ፣ ማሰሪያ ሽቦ፣ የቆዳ ጓንትና ሁለት የእጅ ማወጠሪያዎች ያስፈልጋሉ። ማወጠሪያዎቹ አንዱ ለመረቡ ላይኛው፣ ሌላው ለታችኛው ክፍል ያገለግላሉ። አንድ ማወጠሪያ ብቻ በመሃል ቢታሰር የመረቡ ላይና ታች እኩል አይወጠሩም።

ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

አንደኛ፣ ጥቅልሉ በመሬት ላይ ከመዘርጋት ይልቅ ቆሞ እየተፈታ በቋሚዎቹ ላይ በማሰሪያ ሽቦ ለጊዜው ይንጠለጠላል። በጠባብ ቦታ መረቡን መሬት ላይ ዘርግቶ ማንሳት ሰብልን ይጎዳል፤ መረቡንም ያጣምመዋል።

ሁለተኛ፣ መረቡ በሁለቱ ጫፍ ቋሚዎች ላይ ይታሰራል። እያንዳንዱ አግድም ሽቦ በቋሚው ዙሪያ ተጠምጥሞ በራሱ ላይ ቢያንስ አራት ጊዜ ይጠመዘዛል። መረቡ ዓይኑ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ጥልፍልፍ ሽቦ ከሆነ በመጨረሻዎቹ ዓይኖች ውስጥ ከላይ እስከ ታች የብረት ዘንግ ተሰክቶ፣ ዘንጉ በበርካታ ቦታ ከቋሚው ጋር ይታሰራል።

ሦስተኛ፣ በመሃል ከእያንዳንዱ ነጻ ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተብሎ መቆንጠጫ ይገባል። ለባለ አራት ማዕዘን መረብ መቆንጠጫው መረቡን በመካከላቸው አድርገው በብሎን የሚጠብቁ ሁለት ጠንካራ ጣውላዎች ናቸው። ለጥልፍልፍ ሽቦ ግን በዓይኖቹ ውስጥ የሚሰካ የብረት ዘንግ ይበቃል። ማወጠሪያዎቹ ከሁለቱ መቆንጠጫዎች ጋር ከላይና ከታች ይያያዛሉ።

አራተኛ፣ ሁለቱ ማወጠሪያዎች በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ። በመካከሉ አንድ ሰው በመስመሩ እየሄደ መረቡ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ እንዳልተያዘ ያረጋግጣል፤ የጫፍ ቋሚዎችንም ያያል። ቋሚው መንቀሳቀስ ከጀመረ ሥራው ቆሞ ማገዣው መጠናከር አለበት።

አምስተኛ፣ ተገቢው ውጥረት ሲገኝ ሁለቱ ነጻ ጫፎች ይጋጠማሉ። በባለ አራት ማዕዘን መረብ እያንዳንዱ አግድም ሽቦ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተደራርቦ፣ አንዱ በሌላው ላይ ቢያንስ አራት ጊዜ ይጠመዘዛል። የጥልፍልፍ ሽቦ መጋጠሚያ ከዚህ የቀለለ ነው። ትርፉ ሽቦ ከተፈታ በኋላ አንድ ነጠላ ጥምዝ ሽቦ በሁለቱ ጫፎች ዓይኖች ውስጥ እየተሽከረከረ ሲገባ መረቡ ስፌቱ የማይታወቅ አንድ ወጥ ይሆናል።

ስድስተኛ፣ መጋጠሚያው ካለቀ በኋላ ማወጠሪያዎቹ ቀስ በቀስ ይላላሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ መረቡ ከመካከለኛ ቋሚዎች ጋር ይያያዛል። ባለ ሁለት እግር ሚስማር የሚመታ ከሆነ ሽቦውን እስኪጨፈልቀው ድረስ መግባት የለበትም፤ ሽቦው በሚስማሩ ውስጥ መንሸራተት መቻል አለበት። ከውጭ በኩል ቆሞ ሚስማር መምታት በማይቻልበት ቦታ መረቡን በቋሚው ውስጠኛ ገጽ አድርጎ፣ ማሰሪያ ሽቦ በቋሚው ዙሪያ እያዞሩ ከላይ እስከ ታች በአምስት ቦታ ማሰር ይቻላል።

ማወጠሪያ ማግኘት የማይችሉ አርሶ አደሮች ድርብ ሽቦን በዱላ እያጠመዘዙ መወጠር ይችላሉ። ይሁን እንጂ ዱላው ከእጅ ካመለጠ በኃይል ስለሚሽከረከር አደጋ ያደርሳል። ስለዚህ ከመለቀቁ በፊት ከቋሚ ጋር መታሰር አለበት። መረብን በበሬ ወይም በተሽከርካሪ መሳብ ኃይሉን መመጠን ስለማይቻል መወገድ ያለበት አሠራር ነው።

ተገቢው ውጥረት እንዴት ይታወቃል?

ባለ አራት ማዕዘን መረብ በአግድም ሽቦዎቹ ላይ ሞገድ የሚመስሉ ትንንሽ እጥፋቶች አሉት። እነዚህ እጥፋቶች ሽቦው በሙቀት ሲረዝምና በብርድ ሲያጥር፣ ከብት ሲደገፈውም መልሶ እንዲወጠር የሚያደርጉ ናቸው። የእጥፋቶቹ ጥልቀት በሲሶ ያህል ሲቀንስ ውጥረቱ በቂ ነው። እጥፋቶቹ ጨርሰው ከተዘረጉ መረቡ የመለጠጥ ችሎታውን ያጣል።

እጥፋት የሌለው ጥልፍልፍ ሽቦ በእጅ ይፈተናል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሽቦዎች በእጅ ሲጨመቁ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም ሳያልፍ የሚቀራረቡ ከሆነ ውጥረቱ ተገቢ ነው።

የአየር ሙቀትም ግምት ውስጥ መግባት አለበት። 50 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ሽቦ የአየሩ ሙቀት በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲቀንስ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። እንደ ጉና ዙሪያ ባሉ የደጋ ቦታዎች ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን በእኩለ ቀን እስከ መጨረሻው የተወጠረ መረብ ሌሊት በቋሚዎቹ ላይ ተጨማሪ ጫና ያሳድራል። ለመወጠር የጠዋቱ ወይም የማምሻው ሰዓት ይመረጣል።

በተዳፋትና በእርከን ላይ

መረብን በአንድ ጊዜ ከአንድ እርከን ወደ ሌላው አሻግሮ መወጠር አይገባም። የመሬቱ ተዳፋት በሚለወጥበት እያንዳንዱ ነጥብ ላይ የታገዘ ቋሚ ተተክሎ፣ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው መስመር ለብቻው ይወጠራል። ቀጥ ባለ መሬትም ቢሆን በእጅ ማወጠሪያ በአንድ ጊዜ የሚወጠረው ርዝመት ከ50 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

መስመሩ ጎድጎድ ያለ ቦታን ሲያቋርጥ የተወጠረው መረብ መካከለኛ ቋሚውን ወደ ላይ ይነቅለዋል። በዚህ ቦታ ትልቅ ድንጋይ በሽቦ ታስሮ መቀበርና ሽቦው ከመረቡ ታችኛ ጠርዝ ጋር መያያዝ አለበት። በመረቡና በመሬቱ መካከል የሚቀር ክፍተት በድንጋይ ይደፈናል፤ ውኃ የሚያልፍበት ከሆነ ግን ክፍት ሊተውና በእንጨት ሊጠበቅ ይገባል።

ጥንቃቄና ጥገና

የተወጠረ ሽቦ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ወደ ኋላ ይመለሳል። በሚወጠርበት ጊዜ ማንም ሰው በሽቦው መስመር ትይዩ መቆም የለበትም፤ ሠራተኞች ጓንትና የዓይን መከላከያ ማድረግ፣ ሕፃናትና እንስሳት ከአካባቢው መራቅ አለባቸው። የተቆራረጡ ሽቦዎችን ለቅሞ ማንሳትም የሥራው አካል ነው። በማሳ ላይ የቀረ ቁራጭ ሽቦ ከመኖ ጋር በከብት ሊዋጥና ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

አጥሩ ከተሠራ በኋላ ከመጀመሪያው ክረምት በፊትና በኋላ መፈተሽ አለበት። መረቡ ከረገበ በዚያው በመሃል መጋጠሚያ በኩል እንደገና መወጠር ይቻላል። የሽቦ መረብ ብቻውን ጦጣና ዝንጀሮ አያግድም፤ እነዚህ እንስሳት በሚያስቸግሩበት ቆላማ ቦታ ጥበቃው መቀጠል አለበት። በመረቡ ውስጠኛ ጎን ኮሽም ወይም ቃጫ መትከል፣ ሽቦው ሲያረጅ የሚተካ ሕያው አጥር ያስገኛል።

ድጋፍ ለማግኘት

የድንበርና የይዞታ ጥያቄ ያላቸው ዜጎች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን ይዘው በመጀመሪያ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ፣ መፍትሔ ካላገኙም ለወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላሉ። አጥሩ እርከንን፣ ቦይን ወይም የተከለለ የተፋሰስ ቦታን የሚነካ ከሆነ መስመሩ ከመጀመሩ በፊት ከቀበሌው የተፈጥሮ ሀብት ልማት ባለሙያ ጋር በቦታው መመካከር ያስፈልጋል።

የእጅ ማወጠሪያና መቆንጠጫ በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ የሚያገለግሉ መሣሪያዎች በመሆናቸው እያንዳንዱ አርሶ አደር ለየብቻ ሊገዛቸው አይገደድም። በልማት ቡድን ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር አማካይነት አንድ ስብስብ ገዝቶ በተራ መጠቀም ይቻላል። የመጀመሪያውን አጥር በአርሶ አደሮች ማሰልጠኛ ማዕከል ግቢ በጋራ ቢሠሩት ደግሞ እያንዳንዱ በራሱ ገንዘብ የገዛውን መረብ ሳያበላሽ አሠራሩን ለመማር ዕድል ያገኛል።